የደቻቱ ዳር ባቡርና የኛ የባሶ ገበያ

በየጁቤና በዙሪያዋ «ባቡር» ሲባል መጀመሪያ ለሰው ትዝ የሚለው የእህል ወፍጮ ነው። «ልጅቷ የት ሄደች?» ሲባል «ባቡር ቤት፤ ጤፍ ልታስፈጭ» ይባላል። መኪና የሚሄድበትንም ሰፊ መንገድ የድሮ ሰዎች «የባቡር መንገድ» ይሉታል። በሐዲድ ላይ የሚሄደው እውነተኛው ባቡር ግን በጎጃም ምድር አንድ ቀን እንኳ ጮሆ አያውቅም። ስሙ ዓባይን ተሻግሮ መጣ፤ እሱ ራሱ ከወዲያ ማዶ ቀረ።

ውድ የዕድራችን አባሎች፤ የመጽሔቱ አዘጋጆች «ያያችሁትን ጻፉ» ብለው ስለጠየቁን ስለዚሁ ባቡር ጥቂት ለማለት እንወዳለን። ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን ብዙ ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስለሠራን ነገርን ከነዓመተ ምሕረቱ የመያዝ ልማድ አለን። የልጅነት ዕድሜአችንን ከ1957 እስከ 1965 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ያሳለፍነው በድሬዳዋ ከተማ፣ በደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። አባታችን ከየጁቤ ወጥተው በለገሃሩ ዕቃ በመጫንና በማውረድ ሥራ ገብተው ነበር።

በቅድሚያ ባቡሩ እንዴት እንደመጣ እንናገር። አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ ሙሴ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ይኸውም ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ፣ ጎጃም የለበትም። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐረር ከተራራ ላይ ናትና ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ጣቢያ ተተከለ። ባቡር እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ የተወለደችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሌላ ተሰጠ፣ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያም ተቋቋመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አርፈዋልና ያን ሁሉ ዓመት የለፉበትን ባቡር በከተማቸው ሳያዩት ቀሩ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው ትልቁ የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ነገሩ የኛን አገር ስለሚነካ ነው። ዛሬ የጁቤ ገበያ የሚወጣ ወጣት፣ ይኼ ቦታ ድሮ በመላው አበሻ የታወቀ ገበያ ነበር ቢሉት ይስቅ ይሆናል። ግን እውነት ነው። የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ወዲያ የሚመጣው ሀብት ሁሉ የሚያርፍበት ነበር። ከእናርያ ከሳቃ ገበያ የተነሳ ነጋዴ ጉዱሩ አሳንዳቦ ያድራል፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይወጣል፤ ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ። የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ባሪያም ይሸጥ ነበር፣ ይኼን መደበቅ አያስፈልግም። ከሰሜን የሚወርደው ደግሞ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ ነጋዴው ትርፉን የሚያገኘው ከዚያ ነበር። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ይህን ገበያችንን በጽሑፉ አንስቶታል።

ታዲያ ያ ገበያ የት ገባ? አንዳንድ ሽማግሌዎች «ባቡር ነው የበላው» ይላሉ። በኛ አስተያየት ግን ነገሩ ከባቡሩ በፊት የጀመረ ነው። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ የተዋጉት በዋናነት ለዚሁ ከዓባይ ማዶ ላለው አገርና ንግድ ነበር። ጎጃም ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ የከፋው ቡና ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ የዞረውን ፊት እዚያው አደረቀው። በበቅሎ ጭነው ወራት ተጉዘው ምጽዋ ከሚያደርሱ አዲስ አበባ ላይ ፉርጎ ውስጥ ወርውረው ጅቡቲ ማድረስ እየተቻለ ማን ባሶ ይመጣል? የተሸነፍነው በጦር ነው፤ የተረሳነው በሐዲድ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ እንኳ በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄዱ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥተው ነው በዚያው ባቡር ጅቡቲ የወረዱት።

አሁን ወደ ደቻቱ እንመለስ።

ደቻቱን ወንዝ ስንል ዓባይን ወይም ጮቄ ሥር የሚፈልቁትን ወንዞቻችንን የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ደቻቱ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው የአሸዋ ወንዝ ነው። ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ከዚራ ለገሃሩ ያለበት፣ መንገዱ በገመድ የተለካ የሚመስል፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የተተከለበት የባቡር ሰዎች ሠፈር ነው። መጋላ የገበያው፣ የግመሉና የጠባብ መንገዱ አገር ነው። እኛ የተከራየነው አንድ ክፍል ቤት ለወንዙም ለሐዲዱም ቅርብ ነበር፤ ኳስ ስንጫወት አሸዋው ላይ፣ ስንደክም ሐዲዱ ዳር ነበርን።

የባቡር መምጣት ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ጆሮአችንን ከሐዲዱ ላይ እናስደግፋለን፤ ብረቱ ፀሐይ ስለመታው ጆሮ ያቃጥላል፤ ግን ከሩቅ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ይሰማል። «መጣ!» ብሎ የመጀመሪያውን የጮኸ ልጅ በዚያን ቀን አለቃ ይሆናል። ከዚያ የለስላሳ ቆርኪ ሐዲዱ ላይ ደርድረን እንሸሻለን። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ቆርኪው እንደ ብራና ስስ ሆኖ ይገኛል፤ መሐሉን በስተን ክር አስገብተን እናሽከረክረዋለን። የባቡር ዘበኛ ካየን ወዮልን፤ እሱ ከአንድ ወገን ሲመጣ እኛ በሌላው ወገን ደቻቱን ተሻግረን መጋላ እንገባለን፤ ከዚያ ማን ያገኘናል!

የእንፋሎቱ ባቡር በኛ ጊዜ ሥራ አቁሞ በናፍጣው ተተክቶ ነበር። አሮጌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው እናያቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የባቡር ሠራተኞች ግን ስለነሱ ሲያወሩ እንደ ሞተ በቅሎ እያዘኑ ነው። ለተሳፋሪ ቶሎ የሚሄደው ሊቶሪና ይባላል፤ ስሙም ባቡሩም በጣልያን ጊዜ የገባ ነው። የዕቃው ባቡር ረጅም ነው። ፉርጎዎቹን መቁጠር ለኛ የሒሳብ ትምህርት ነበር። አንዳንዱ ልጅ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጥረው፤ የባቡር ሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበረ «አን፣ ዱ፣ ትሯ» ማለት ሁላችንም እናውቅ ነበር። በቤት አማርኛ፣ በወንዙ ኦሮሞኛ፣ ግመል ነጂዎቹ ዘንድ ሱማሌኛ፣ ለቁጥር ፈረንሳይኛ። አንዱንም በደንብ አንችለው ይሆናል፤ ግን በሁሉም መሳደብ እንችላለን።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በኛ አገር ልጅ ታላቁን «አያ» ብሎ ጠርቶ፣ ለሽማግሌ «እርስዎ» ብሎ ነው የሚያድገው። ድሬዳዋ ግን ትልቅም ትንሽም «አንተ» ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ አባታችንን «አንተ፣ ሚስትህ ትጠራሃለች» አላቸው። አባታችን ዱላቸውን ጨብጠው ብድግ አሉ። የልጁ አባት ከቤቱ ወጥቶ «ምን ሆንክ አንተ ጎጃሜ፣ ፍቅር ነው እኮ!» ቢላቸው ጊዜ፣ ቆመው ቆመው በመጨረሻ ሳቁ። እናታችን ግን እስከ መጨረሻው አልለመዱትም።

ከባቡሩ የሚወርደውንና የሚጫነውንም ማየት ራሱ አንድ ትምህርት ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ቡና፣ ቆዳ፣ አትክልትና ጫት ነው። ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ውሃ እየተረጨ ይመጣል፤ ከደረቀ ዋጋ የለውምና እንደ እሳት አደጋ ነው የሚሯሯጡለት። ከጅቡቲ የሚመጣው ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ የእጅ ሰዓትና የታሸገ ምግብ ነው፤ ግማሹ በሕግ፣ ግማሹ በኮንትሮባንድ። አንዳንድ ሴቶች ሲሳፈሩ ቀጭን ሆነው ሲወርዱ ወፍራም ናቸው፤ አምስት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው። ፊናንሱ ያውቃል፣ ሴቶቹም ማወቁን ያውቃሉ።

ደቻቱ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ብራ ሆኖ፣ ዝናቡ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ይዘንባል። ውሃው ሳይታሰብ ነው የሚደርሰው። መጀመሪያ ነፋስ ይመጣል፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ቀጥሎ ቡናማ ግድግዳ የሚመስል ጎርፍ ድንጋይና ዛፍ እየገፋ። ድምፁ ከባቡር ድምፅ ጋር ይመሳሰላልና እናታችን ሁልጊዜ «ሁለቱን ለዩ፣ አንዱ በሐዲዱ ይሄዳል፣ ሌላው ሐዲድ የለውም» ይሉን ነበር። የሞላ እንደሆነ በከዚራና በመጋላ ያለው ሰው ወዲህና ወዲያ ሆኖ እየተያየ ውሃው እስኪጎድል መቆም ነው።

በ1960 ዓ.ም. በአገራችን በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ በብቸና፣ በሞጣና በሌሎችም የጎጃም አውራጃዎች ገበሬው ማመፁን አባሎቻችን ታውቁታላችሁ፤ ጦርም ዘመተ፣ አውሮፕላንም ተላከ። በየጁቤ ያሉት ዘመዶቻችን ምን እንደሆኑ ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበረንም። ሬድዮው ዝም ነው። ያን ጊዜ አባታችን ከሥራ ከወጡ በኋላ ወደ ቤት መምጣት ትተው ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ባቡር መጠበቅ ጀመሩ። እኛም እንከተላቸዋለን። ከሚወርደው ሰው መሐል ኩታ አጣፋሉን ወይም አነጋገሩን አይተው የአገራቸው ሰው የመሰላቸውን ያቆሙና «ወንድሜ፣ ከየት ነህ? ጎጃም እንዴት ነው?» ይላሉ። አብዛኛው ከሸዋ ወይም ከወሎ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሳምንት እንዲህ ሲመላለሱ ቆይተው አንድ ምሽት የደብረ ማርቆስ ሰው አገኙ። ሰውየውን ቤት አምጥተው፣ እግሩን አጥበን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠይቁት አደሩ። የኛን ቤተሰብ አያውቅም ነበር፤ ግን «ባሶ ሊበን በኩል ብዙ ክፉ አልሰማሁም» አላቸው። በዚያች አንዲት ቃል ተጽናኑ። እኛ ልጆች ባቡርን እንደ መጫወቻ እናየው የነበረው እስከዚያ ቀን ነው።

አባታችን በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ወባ ታመው በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። እናታችን ሬሳውን አገር አስገባለሁ ብለው ነበር። እንዴት ተብሎ? አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ 470 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር በመኪና ዓባይ በረሃን አቋርጦ፣ ከዚያም የጁቤ፤ በዚያ ሙቀት! የሠፈሩ ዕድር ጡሩምባ አስነፋ። ጡሩምባው የተነፋው ለአንድ የጎጃም ኩሊ ነው፤ ከዚያ የመጣውን ሰው ብታዩ ግን ትልቅ ሹም የሞተ ነው የሚመስለው። የባቡር ሠራተኛው ከነሥራ ልብሱ፣ ጉራጌው ነጋዴ፣ ኦሮሞው አትክልት ሻጭ፣ ሱማሌው ግመል ነጂ፣ የሐረሪዎቹ አፎቻ ሰዎችም ሳይቀሩ። አፎቻ ማለት የነሱ ዕድር ነው። እስላሙ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ድንኳን ተተከለ፣ ሦስት ቀን ንፍሮና ቡና ከቤታችን አልጠፋም። እናታችን ሰባት ዓመት ሙሉ «አንተ» መባልን ሲጠሉ የነበሩት፣ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት «አንቺ፣ ብይ እንጂ!» ብላ ስታጎርሳቸው ዝም ብለው ጎረሱ።

በ1965 ዓ.ም. መስከረም ላይ አገራችን ለመግባት ተሳፈርን። ለሰባት ዓመት በየቀኑ ስናየው የኖርነውን ባቡር ነፍስ አውቀን የተሳፈርነው ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛ ማዕረግ፣ የእንጨት ወንበር። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አቃቂ። በየጣቢያው ሴቶች ብርቱካን፣ እንቁላልና ወተት ይዘው መስኮቱ ሥር ይሯሯጣሉ። ከድሬዳዋ ስንወጣ ጓደኞቻችን ሐዲዱ ዳር ተሰልፈው ቆመው ነበር፤ ከውስጥ ሆኖ እነሱን ማየት እንግዳ ነገር ሆነብን።

ከዚያ በኋላ ስለባቡሩ የሰማነው ሁሉ ከየጁቤ ሆነን በሬድዮ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሱማሌ ጦር ሲወር ሐዲዱ ተቆረጠ፣ ድልድይ ፈረሰ፣ ድሬዳዋም ተከበበች፤ ከተማዋ ግን አልተያዘችም። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ተሳፋሪ የያዘ ባቡር ከድልድይ ላይ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከዚያ የከፋ የባቡር አደጋ አልደረሰም ይባላል። ያን ጊዜ ድርቁም ነበርና የሞት ወሬ ብዙ ነው፤ እኛ ግን ለሳምንት እንቅልፍ አጣን፤ ያንን ድልድይ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠን ተሻግረነዋልና። መስመሩ ከዚያ ወዲያ እያረጀ፣ እየተጠገነ፣ እንደገና እየተበላሸ ቆየ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ቆመ። ከዚያ በፊት ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በተኛበት ወስዷል። ሐዲድ የሌለው ያሉት እናታችን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከድሮው ይሰፋል፣ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መስመሩም ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጣን ከታናሽ ወንድማችን ጋር በሱ ድሬዳዋ ሄድን። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ይፈጥናል፣ አይንገጫገጭም። ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ፣ ከደቻቱ ርቆ የተሠራ ስለሆነ ሐዲዱ ዳር ቆርኪ የሚደረድር ልጅ አላየንም። የድሮው ለገሃር ግቢ በር ላይ ያለውን ዘበኛ አስፈቅደን ገባን። አሮጌዎቹ ባቡሮች አሉ፤ የጥገናው ቤትም ከነማሽኖቹ አለ። ዘበኛው ወጣት ነው፣ «አንተ፣ እዚህ ሠርተህ ታውቃለህ?» አለን። ወንድማችን ሳቀ።

ከዚያ የሠፈሩን ዕድር ጠየቅን። ስሙን ለውጧል፣ ሰዎቹም ሌሎች ናቸው፤ ጸሐፊው ግን የድሮውን መዝገብ ከቁም ሣጥን አወጣልን። ጠርዙን የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ነክቶት ወረቀቱ ተጣብቋል። ሥራችን ነበርና ቀስ አድርገን ገለጥነው። የአባታችን ስም በሐምራዊ ቀለም ተጽፏል፤ ከስሙ ፊት «ጎጃም፣ የጁቤ» ይላል። የወር መዋጮአቸው ከገቡበት ወር ጀምሮ አንድም ሳይጓደል እስከ ሐምሌ 1964 ዓ.ም. «ተከፍሏል፣ ተከፍሏል» እያለ ይወርዳል። የነሐሴው ረድፍ ላይ ሌላ እጅ «በሞት ተለይቷል፤ ለቤተሰቡ ተሰጥቷል» ብሎ ጽፎ ፈርሟል።